የአሮጌ ኮምፒውተር መፍቻ መስመር፦ ቅደም ተከተሉን በፕሮግራም ማውጣት፣ የት ላይ ማቆም፣ ምኑን ለማሽን መስጠት?

ብሎን_ፈቺ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁም። በጨረታ የሚወጡ አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተሮችን ፈትቶ በየዓይነታቸው የሚለይ የሥራ መስመር እያቀድን ነው፤ ቦታው አቃቂ ነው። ከሚመጣው ዕቃ አብዛኛው ታወር ዴስክቶፕ ሲሆን ላፕቶፕ፣ ጠፍጣፋ ስክሪንና ዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ኃይል የሚሰጠው ሳጥን) ይቀላቀልበታል። የምንፈልገው በቀን 150 ዴስክቶፕ፣ በተጣራ 7 የሥራ ሰዓት።

ለአንድ ታወር የተለካው አማካይ ጊዜ በሴኮንድ ይኸው፦ ተቀብሎ መመዝገብ 40፣ የጎን ሽፋን መክፈት 25፣ ገመዶችን መንቀል 35፣ ሃርድ ዲስክ 45፣ ሲዲ ማጫወቻ 40፣ ራም 10፣ ፓወር ሰፕላይ 50፣ ሂትሲንክ (የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ብረት) ከነፋኑ 45፣ ፕሮሰሰር 10፣ የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ 10፣ ማዘርቦርድ 80፣ የቀረውን ቀፎ ብረትና ፕላስቲክ መለየት 30። ድምሩ 420።

ጥያቄዬ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ቅደም ተከተሉን ከመገጣጠሚያ ማንዋሉ ገልብጠን ፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ላይ አስገብተነዋል። ፕሮግራሙ የሚያወጣው ተራ ግን ሠራተኞቹ በራሳቸው ከሚሠሩበት ይዘገያል። ለምን?

ሁለተኛ፣ እስከየት እንፍታ? ፓወር ሰፕላዩን፣ ሃርድ ዲስኩን፣ ሲዲ ማጫወቻውን እንክፈታቸው ወይስ እንዳሉ እንሽጣቸው?

ሦስተኛ፣ ገንዘብ የሚያወጡት ሰዎች ካሜራ ያለው የሮቦት ክንድ ገዝተን ብሎን መፍታቱን ለእሱ እንስጠው ይላሉ። ያዋጣል?

---

መስመር_ሚዛን

ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው፤ የታመመው የሰጣችሁት የቀዳሚነት ሠንጠረዥ፣ ማለትም የትኛው ሥራ ከየትኛው መቅደም እንዳለበት የሚያሳየው፣ ነው። የመገጣጠሚያ ማንዋል ስለተገለበጠ የመፍቻ ማንዋል አይሆንም። ማንዋሉ ፕሮሰሰርና ራም ቦርዱ ላይ ይተከላሉ፣ ከዚያ ቦርዱ ቀፎ ውስጥ ይታሰራል ይላል። ሲገለበጥ ደግሞ መጀመሪያ ቦርዱ ይውጣ፣ ከዚያ ሂትሲንክና ራም ይሆናል። ይህ ለገጣጣሚው እጅ እንዲመች የተጻፈ ነው እንጂ ዕቃው አያስገድድም። ፕሮግራሙ ግን ያስገደደ መስሎት ተራውን ያጠብባል።

ሠንጠረዡን ከዕቃው ላይ ሥሩት። ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርቡ፦ «ያኛው በቦታው እያለ ይኼኛው ይወጣል ወይ?» 12 ሥራ ስላላችሁ ጥያቄው 132 ነው፤ ክፍት ታወር ፊት ተቀምጦ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ለተራ ታወር ስትጨርሱ የሚተርፋችሁ እውነተኛ ገደብ ጥቂት ነው። ሽፋኑ ከውስጥ ሥራ ሁሉ ይቀድማል። ገመዶቹ ከፓወር ሰፕላይ፣ ከዲስክ፣ ከሲዲ ማጫወቻና ከማዘርቦርድ ይቀድማሉ። ሂትሲንክ ከፕሮሰሰር ይቀድማል። ቀፎው የሁሉም መጨረሻ ነው። ራምና ክብ ባትሪ ከሽፋኑ በኋላ በፈለጋችሁት ሰዓት ይወጣሉ።

ተጠንቀቁ፣ ይህ ለታወር ብቻ ነው። በትንንሾቹ የቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ የዲስኩና የሲዲው መያዣ እንደ ክዳን ተጣጥፎ ማዘርቦርዱ ላይ ይተኛል፤ እዚያ መያዣው ካልተነሳ ራሙ አይታይም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የቀፎ ዓይነት የራሱ ሠንጠረዥ ይኑረው። ሁሉንም በአንድ ሠንጠረዥ ማጨቅ ሁለተኛው የተለመደ ጥፋት ነው።

አንዳንዱ ገደብ ደግሞ «እና» ብቻ ሳይሆን «ወይም» አለው። ገመድ ወይ ይነቀላል ወይ ይቆረጣል። ስንገጣጥም መቁረጥ የለም፤ ስንፈታ ግን አለ። ለመቆራረጫ የሚሄድ ፓወር ሰፕላይ ገመዱ ቢቆረጥ ምንም አይጎዳም፣ መዳቡ ለብቻው ስለሚሸጥ ጭራሽ ሥራ ይቀድማል። 35 ሴኮንዱ ወደ 10 ይወርዳል። ተፈትሾ በድጋሚ ለሚሸጥ ግን ይነቀላል። ሁለቱን መንገድ በአንድ ላይ የሚይዘው አጻጻፍ ሆሜም ዴ ሜሎና ሳንደርሰን በ1990 ያቀረቡት የ«እና/ወይም» ግራፍ ነው፤ መጀመሪያ የተሠራው ለመገጣጠም ዕቅድ ቢሆንም ለመፍታትም እንዳለ ያገለግላል።

አሁን ወደ ሚዛኑ። 7 ሰዓት 25,200 ሴኮንድ ነው፤ ለ150 ሲካፈል በየ168 ሴኮንዱ አንድ ኮምፒውተር መውጣት አለበት። 420 ለ168 ሲካፈል 2.5 ስለሆነ ከሦስት ጠረጴዛ አይወርድም። ዲስኩን ጨምራችሁ አንደኛው ጠረጴዛ ላይ ከቆለላችሁት ምዝገባ፣ ሽፋን፣ ገመድ፣ ራም፣ ክብ ባትሪና ዲስክ 165 ይሆናል። ወረቀት ላይ ያምራል፤ ነገር ግን 165 ከ168 ማለት ሰውየው ትንፋሽ የለውም ማለት ነው። አንድ የዛገ ቪቴ ሲገጥመው ወረፋው ይጀምራል፣ እስከ ማታም አይጠራም። ዲስኩን ወደ ሦስተኛው አሻግሩት፦

አንደኛ ጠረጴዛ፦ ምዝገባ፣ ሽፋን፣ ገመድ፣ ራም፣ ክብ ባትሪ፤ 120 ሴኮንድ።
ሁለተኛ ጠረጴዛ፦ ሲዲ ማጫወቻ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ሂትሲንክ፣ ፕሮሰሰር፤ 145 ሴኮንድ።
ሦስተኛ ጠረጴዛ፦ ዲስክ፣ ማዘርቦርድ፣ ቀፎ፤ 155 ሴኮንድ።

በጣም የተጫነው 92 በመቶ ነው፤ ለመፍቻ መስመር ከዚያ በላይ አትጫኑ። አንደኛው ሰው ብዙ የተረፈው መስሎ ቢታያችሁም ተዉት። መኪና ሙሉ ዕቃ ሲራገፍ የሚጨናነቀው እሱ ነው።

ገመድ ብትቆርጡ፣ ሂትሲንክና ፕሮሰሰሩንም ቦርዱ ላይ ብትተዉት ደግሞ ድምሩ 340 ይሆናል፤ በሁለት ሰው እኩል ይካፈላል። አንዱ ምዝገባ፣ ሽፋን፣ ገመድ፣ ዲስክና ፓወር ሰፕላይ 170፤ ሌላው ራም፣ ክብ ባትሪ፣ ሲዲ ማጫወቻ፣ ማዘርቦርድና ቀፎ 170። በቀን 148 ይወጣል። ለሁለት ኮምፒውተር ተብሎ ሦስተኛ ደመወዝ መክፈል ግድ መሆኑን አስቡበት፤ መሀላቸው ግን አምስት ስድስት ኮምፒውተር የሚያቆይ መደርደሪያ ካልኖረ አይሠራም።

ስለ ሶፍትዌሩ፦ ለ12 ሥራ የጄኔቲክ አልጎሪዝም ምናምን ውስጥ አትግቡ። ገደብ ባይኖር ተራው 479,001,600 ዓይነት ይሆን ነበር፤ እውነተኛው ገደብ ሲገባ ግን እጅግ ስለሚጠብ የጎግል ኦአር-ቱልስ (የዕቅድ ማስያ ሶፍትዌር) ትክክለኛውን መልስ በቅጽበት ይሰጣችኋል።

---

ምናለሽ_ተራ

ከላይ ያለው ሒሳብ ትክክል ነው፤ የሁለት ሰዉ ዕቅድ ላይ ግን አልስማማም። ሂትሲንኩን ቦርዱ ላይ ትታችሁ ከሸጣችሁት ሁለቴ ትከስራላችሁ። አሉሚኒየሙ ለብቻው ዋጋ አለው። ቦርዱን የሚያቀልጡት ፋብሪካዎች ደግሞ መዳብና የከበሩ ማዕድናትን ነው የሚያወጡት፤ አሉሚኒየም ምድጃው ውስጥ ወደ ዝቃጭ ስለሚሄድ አይፈልጉትም። የቦርዱን ደረጃም ዝቅ ያደርግባችኋል። ስለዚህ ሦስት ሰው።

አሁን ዋናው ነገር፣ የት ማቆም። ብዙ ሰው «የበለጠ የተፈታ የበለጠ ያወጣል» ብሎ ያስባል። አይደለም። ሒሳቡን በሴኮንድ አድርጉት። የአንድ ሠራተኛ ሙሉ ወጪ፣ ደመወዝ፣ ኪራይ፣ መብራትና መሣሪያ ተደምሮ በሰዓት 108 ብር ነው እንበል፤ በሴኮንድ 0.03 ብር ይመጣል። የእናንተን ቁጥር ተኩበት።

ፓወር ሰፕላይ ከፍቶ ቦርዱን፣ ትራንስፎርመሩን፣ ፋኑንና ቆርቆሮውን መለየት 180 ሴኮንድ ቢፈጅ ወጪው 5.40 ብር ነው። ስለዚህ ጥያቄው ውስጡ ስንት ያወጣል አይደለም። የተለያዩት ክፍሎች ድምር፣ ሳይከፈት ከሚሸጥበት በ5.40 ብር ይበልጣል ወይ ነው። ካልበለጠ አትክፈቱት። ሲዲ ማጫወቻ 150 ሴኮንድ ቢሆን 4.50 ብር፤ ከውስጡ የሚገኘው ቀጭን ቆርቆሮ፣ ትናንሽ ሞተርና ጥፍር የምታህል ቦርድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ሃርድ ዲስክ 240 ሴኮንድ ከሆነ 7.20 ብር።

ለፕሮግራሙ ይህን ስትሰጡት ለእያንዳንዱ ሥራ የሚያስገኘውን ሲቀነስ የሚፈጀውን ጻፉ። አንድ ሥራ ከተመረጠ ከፊቱ ያሉት ሁሉ ይመረጣሉ፣ የፈለጋችሁት ደግሞ ትልቁን ድምር ነው። ማዘርቦርድ በራሱ አትራፊ ነው፣ ሽፋን መክፈት በራሱ ኪሳራ ነው፤ ሽፋኑ የሚከፈለው ከውስጥ በሚወጣው ነው። 12 ሥራ ስለሆነ ሊኖር የሚችለው ምርጫ ከ4,096 አይበልጥም፤ ኤክሴል እንኳን ይችለዋል። ብዙ መቶ ክፍል ላለው ዕቃ ሲሆን በግራፍ ላይ ትንሹን ቁርጥ በሚፈልገው የታወቀ አልጎሪዝም ይፈታል።

ከዚህ ሒሳብ ውጭ የሚሆኑ ግዴታዎች አሉ። ቢያከስሩም ይፈታሉ። ባትሪ፣ የሜርኩሪ መብራት፣ የደንበኛ መረጃ ያለበት ዲስክ። ቦርዶቹን ወደ አውሮፓ የምትልኩ ከሆነ በእነሱ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ መመሪያ 2012/19 አባሪ 7 ተመሩ፤ ተለይተው መውጣት ያለባቸውን ይዘረዝራል፦ ከ10 ካሬ ሴንቲሜትር በላይ የሆነ ሰርኪት ቦርድ፣ ከ100 ካሬ ሴንቲሜትር በላይ የሆነ ኤልሲዲ፣ አደገኛ ንጥረ ነገር ይዞ ቁመቱ ወይም ዲያሜትሩ ከ25 ሚሊሜትር የሚያልፍ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ክፍል)፣ ወዘተ። ግዴታ የሆነውን ሥራ በፕሮግራሙ ውስጥ እጅግ ትልቅ ትርፍ ስጡት፤ ራሱ ይመርጠዋል።

ክፍት ለማድረግ ከወሰናችሁ ደግሞ ልብ በሉ፦

ፓወር ሰፕላይ። ከ230 ቮልት የሚመጣው ከተስተካከለ በኋላ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ላይ 325 ቮልት ገደማ ይቀመጣል። የመልቀቂያ ሬዚስተሩ ከተቃጠለ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ይቆያል። በካቻቪቴ አታጋጩት፤ ይፈነዳል፣ ጫፉንም ያቀልጠዋል። 10 ኪሎ ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር በተሸፈነ ገመድ ግማሽ ደቂቃ ያዙበት፣ ከዚያ በቴስተር ለኩ። ይህ ራሱ ከ180 ሴኮንዱ ላይ የሚጨመር ጊዜ ነው፤ ብዙዎች ሳይቆጥሩት ነው «ያዋጣል» የሚሉት።

ሃርድ ዲስክ። ክዳኑ ባለ ኮከብ ቲ8 ነው፣ አንዳንዱ ቲ6። ሁሉም ወጥቶ ክዳኑ እምቢ ካለ አትታገሉት፤ አንዷ ቪቴ ስቲከሩ ሥር መሀል ላይ ተደብቃለች። በጣት ስትዳስሱት ስርጉድ ይላል። የዴስክቶፑ ሳህን በአብዛኛው አሉሚኒየም ሲሆን የላፕቶፑ ግን ብዙ ጊዜ መስታወት ነው፤ በመዶሻ ወይም በፒንሳ ስታጣምሙት እንደ ብርጭቆ ይረጫል። ያለ መነጽር አይነካም።

ጠፍጣፋ ስክሪን። አሮጌዎቹ ከጀርባቸው እንደ ስክሪብቶ ቀፎ የቀጠነ የፍሎረሰንት መብራት አላቸው፤ ውስጡ ሜርኩሪ ነው። ከመክፈታችሁ በፊት ለመለየት በጎን በኩል ወደ ፓነሉ የሚገቡትን ወፍራም ሽፋን ያላቸው ጥንድ ገመዶችና ኢንቨርተር ቦርዱን ፈልጉ። ካሉ፣ ፓነሉን ከነመብራቱ አንድ ላይ አውጥታችሁ ቁሙን አስቀምጡ። መብራቱን ለማውጣት አየር የሚስብ የተዘጋ ካቢኔ ከሌላችሁ እዚያ ላይ አቁሙ።

---

ሶኬት775

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሂትሲንክ ቦርዱ ገና ቀፎው ላይ እንደታሰረ ይውጣ። ቀፎው ራሱ እንደ ሞርሳ ይይዝላችኋል፤ ቦርዱ ከወጣ በኋላ ግን አንድ እጅ ቦርድ ያዥ ይሆናል።

ስታወጡት ወደ ላይ አትሳቡ። የደረቀው የሙቀት ቅባት እንደ ማስቲሽ ይይዛል። በአሮጌ ኤኤምዲ ላይ ፕሮሰሰሩ ከነፒኖቹ ከሶኬቱ ተነቅሎ ይመጣል፣ ግማሹ ፒን ይጣመማል፣ ዋጋው አፈር ይበላል። ኢንቴል ከ2004 ጀምሮ ዴስክቶፕ ላይ ፒኑን ወደ ሶኬቱ ስላዞረውና ፕሮሰሰሩን በብረት ክፈፍ ስለሚያስረው ያ ችግር የለም። ማያያዣውን ፍቱ፣ ሂትሲንኩን ግራና ቀኝ በትንሹ አሽከርክሩት፣ ሲለቅ ይሰማችኋል። ካልለቀቀ በሙቅ አየር ጥቂት አሙቁት። ለአዲስ ሠራተኛ ሁለቱን የሶኬት ዓይነት በፎቶ ጠረጴዛው ላይ ለጥፉለት።

---

ብሎን_ፈቺ

በጣም አመሰግናለሁ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ተመልሷል። የሮቦቱ ጉዳይ ግን ገና ነው። ሌላም ልጨምር፦ የላፕቶፕና የዩፒኤስ ባትሪ ለብቻው መስመር ይፈልጋል ወይ? በተጨማሪም አገር ቤት ከ2024 መግቢያ ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል፤ የመኪና ባትሪ መምጣቱ አይቀርም። ይኼው የመፍቻ ዕቅድ ፕሮግራም ለእሱ ያገለግላል?

---

ከሽቱትጋርት

ሰላም። በመጀመሪያ ስለ ሮቦቱ። አፕል በ2016 ያሳየው ላያም የተባለው መስመር 29 ሮቦት ነበረው፤ የሚፈታው አይፎን 6ን ብቻ ነበር። በ2018 የመጣው ዴይዚ በሰዓት እስከ 200 ስልክ ይፈታል፤ ሲጀምር 9 ሞዴል ያውቅ ነበር። ልብ በሉ፤ ስልኩን የነደፈው፣ የእያንዳንዱን ብሎን ቦታ በኮምፒውተር ሥዕል የያዘውና አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት የሚመለስለት ያው ኩባንያ ነው። እናንተ ዘንድ ደግሞ የመቶ ዓይነት ቀፎ፣ አቧራ፣ ዝገትና ቀድሞ ተከፍቶ በሌላ ብሎን የታሰረ ዕቃ ነው ያለው።

ብሎን በካሜራ ማግኘቱ ዛሬ አስቸጋሪ አይደለም፤ ጥቂት መቶ ፎቶ ላይ ምልክት ተደርጎ የሠለጠነ ሞዴል አብዛኛውን ያገኛል። የሚያስቸግረው ቀጥሎ ያለው ነው። ጫፉ ጭንቅላቱ ውስጥ በትክክል መቀመጡን፣ ከዚያ ብሎኑ በእርግጥ እየወጣ መሆኑን ማወቅ። ጥሩ ሥርዓት ሁለት ነገር አብሮ ያያል፦ የመዞሪያ ኃይሉንና ጫፉ ወደ ላይ መነሳቱን። ኃይሉ ወድቆ ጫፉ ካልተነሳ ጭንቅላቱ ተበልቷል ማለት ነው። ኃይሉ ወደ ጣሪያው ወጥቶ ካልዞረ ዝገት ነው። በሁለቱም ጊዜ ቆሞ ሰው ይጠራል። የእናንተ ዕቃ ላይ ሰው የሚጠራበት ጊዜ ሲበዛ፣ ሰውየው የሮቦት አገልጋይ ሆኖ ይቀራል።

ገንዘቡን በሌላ ቦታ አውሉት። በመጀመሪያ ባርኮድ ማንበቢያ፤ የሞዴል ቁጥሩ ሲነበብ ከላይ የተባለው የቀፎ ሠንጠረዥ ይመረጥና ተራው ከነሥዕሉ ስክሪን ላይ ይመጣል። ከዚያ ኃይሉ የሚስተካከል የኤሌክትሪክ ካቻቪቴ ከላይ በስፕሪንግ የተንጠለጠለ፣ ባለ መስቀል ቁጥር 2 ጫፍ፣ ማግኔት ያለው። ጫፉ ሲያልቅ ብሎን መብላት ስለሚጀምር በጅምላ ይገዛ። ከዚያ ከሚዛን ጋር የተያያዘ ኮምፒውተር፤ እያንዳንዱ ሳጥን ሲሞላ ክብደቱ ራሱ ይመዘገባል። ሦስቱም ተደምረው ከሮቦት ክንድ ዋጋ እጅግ ያንሳሉ።

ለእንቢተኛ ብሎን ደግሞ ደንብ ጻፉ፦ 10 ሴኮንድ ሞክር፣ ካልሆነ ጭንቅላቱን በመሰርሰሪያ አንሳው። ዕቃው ለመቆራረጫ ስለሆነ ለጥርሱ የሚያዝን የለም። ይህ ደንብ ካልተጻፈ ትጉህ ሠራተኛ አንዲት ቪቴ ላይ አራት ደቂቃ ያጠፋል።

ስለ ባትሪ፦ አዎ፣ ለብቻው፣ የሚቻል ከሆነ በተለየ ክፍል። የዩፒኤሱ በአብዛኛው 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሆነ የታሸገ የሊድ አሲድ ነው፤ ሁለቱም ጫፍ በፕላስተር ይሸፈን፣ ቁሙን ይደርደር። የላፕቶፑ ሊቲየም አዮን ግን ሌላ ባሕርይ አለው። ያበጠውን በብረት አትፈልቅቁት፤ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ተጠቀሙ፣ አልላቀቅም ካለ ከነቀፎው ይለይ። በደረቅ አሸዋ መካከል አንድ ረድፍ ብቻ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ብዙ ቦታ የሚነገረውን «ጨው ውኃ ውስጥ ንከሩት፣ ቻርጁ ያልቃል» አትከተሉ። ጫፉ ቀድሞ ይበሰብስና ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ውስጡ ቻርጅ እንዳለ ይቀራል፣ ከላይ ግን የሞተ ይመስላል። ሃይድሮጅንም ያወጣል።

ወደ መኪናው ባትሪ እንምጣ። ፕሮግራሙ ያገለግላል፤ የሚለወጠው ግብ ነው። ለዴስክቶፑ የምታሳንሱት ጊዜን ነው፣ እዚህ ግን የተጋለጠ ቮልቴጅን። የመኪናው ማቋረጫ ቢነቀልም ፓኩ (ሴሎቹን ሁሉ የያዘው የባትሪ ሳጥን) ራሱ ውስጡ ሕያው ነው፤ የሚጠፋ ማብሪያ የለውም።

አንድ ምሳሌ። 96 ሴል በተከታታይ የተያያዘበት፣ በ8 ሞጁል (የሴሎች ጥቅል) የተከፈለ ፓክ አለ እንበል፤ በእያንዳንዱ ሞጁል 12 ሴል። ሴሉ ሲሞላ 4.2 ቮልት ከሆነ ጠቅላላው 403.2 ቮልት ነው። ሞጁሎቹን የሚያገናኙት የመዳብ አሞሌዎች 7 ናቸው። ሠራተኛው እንደ ልማዱ ከዳር ጀምሮ ቢፈታ፣ ሦስት አሞሌ ካወጣ በኋላ የቀረው ተያያዥ ክፍል 60 ሴል፣ 252 ቮልት ነው። በመጀመሪያ የመሀሉን፣ ቀጥሎ የሁለቱን ግማሾች መሀል ቢያወጣ ግን በዚያው በሦስት አሞሌ ትልቁ ክፍል 24 ሴል፣ 100.8 ቮልት ይሆናል። የቀሩት አራት ሲወጡ እያንዳንዱ ሞጁል 50.4 ቮልት ላይ ይቆማል፤ በቀጥተኛ ጅረት እንደ ድንበር ከሚታየው 60 ቮልት በታች ማለት ነው። ሥራው ያው ሰባት አሞሌ፣ ጊዜውም ያው፤ ሠራተኛው ከፍ ካለ ቮልቴጅ ጋር የሚቆይበት ግን በጣም ያጥራል። ፕሮግራሙ ይህን የሚያገኘው ለእያንዳንዱ እርምጃ «አሁን ያለው ትልቁ ቮልቴጅ» የሚል ዓምድ ስትጨምሩለት ነው። ጓንቱ እስከ 1,000 ቮልት የሚፈቀድ ክፍል 0 ይሁን፣ መፍቻው እስከ አንገቱ የተሸፈነ፣ አንድ ሰው ብቻውን አይሥራ፣ የወጣ አሞሌ ቦታ ወዲያው በፕላስቲክ ክዳን ይሸፈን።

አዲሶቹ የቻይና መኪኖች ላይ ግን ሞጁል የሌለው፣ ረጃጅም ሴሎች በቀጥታ ፓኩ ውስጥ በማስቲሽ የተጣበቁበት አሠራር ይገጥማችኋል። እዚያ በብሎን ደረጃ የሚታቀድ መፍቻ የለም ማለት ይቻላል። ኬሚስትሪውም ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነ ኮባልትና ኒኬል የለበትም፤ ለማቅለጥ የሚከፈለው ዋጋ ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ፓኩን ሳይበትኑ አቅሙን ለክቶ ለሶላር ማጠራቀሚያ ማዋል ይሻላል። የማቆሚያው ሒሳብ እዚህም ያው ነው፤ መልሱ «አትፍታ» ይሆናል።

---

ምናለሽ_ተራ

የኤክስፖርቱ ነገር እንዳይረሳ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በባዝል ስምምነት (ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወርበትን በሚገዛው ዓለም አቀፍ ውል) አደገኛ ያልሆነው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ጭምር ከላኪውም፣ ከተቀባዩም፣ ዕቃው ከሚያልፍበት አገርም ቅድሚያ ፈቃድ ይፈልጋል። ቦርድ ለይታችሁ ቤልጂየም ሆቦከን ላለው የዩሚኮር ማቅለጫ ወይም ለመሰሎቹ ልትልኩ ካሰባችሁ የወረቀቱ ጊዜ ከመስመሩ ዕቅድ ጋር አብሮ ይገባ፤ ፈቃዱ እስኪመጣ ቦርዱ የሚቀመጥበት ደረቅ መጋዘን ማለት ነው። ቦርዱ ዝናብ አይንካው። ገዢው ናሙና ወስዶ ስለሚከፍል የማዘርቦርድና የፓወር ሰፕላይ ቦርድ በአንድ ከረጢት አይቀላቀሉ፤ ከተቀላቀሉ የሚከፈላችሁ በዝቅተኛው ነው።

---

ብሎን_ፈቺ

ግልጽ ነው። ሠንጠረዡን በሦስት የቀፎ ዓይነት ለያይቼ እንደገና እሠራዋለሁ። አንድ የቀረኝ፦ የጊዜ ልኬቱን በአማካይ ብቻ መያዝ ይበቃል?

---

መስመር_ሚዛን

አይበቃም። የመፍቻ ጊዜ ወደ አንድ ጎን የተንሻፈፈ ነው፤ አብዛኛው አጭር ሆኖ ጥቂቱ በጣም ይረዝማል። ለእያንዳንዱ ሥራ ቢያንስ 30 ልኬት ያዙና ከአማካዩ ጎን ከአሥሩ ዘጠኙ የሚያልቁበትን ጊዜ ጻፉ፤ ጠረጴዛዎቹ መካከል የሚቀመጠውን መደርደሪያ የምትወስኑት በሁለቱ ልዩነት ነው።

ልኬት ስትይዙ ሦስት ነገር ከጎኑ ይመዝገብ፦ የቀፎው ዓይነት፣ የጎደለ ክፍል ካለ፣ እና በምን ምክንያት እንደዘገየ (ዝገት፣ የተበላ ቪቴ፣ የማይገኝ ብሎን)። የጎደለ ክፍልን ችላ አትበሉ። በጨረታ የሚመጣ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ጊዜ ራሙ ወይም ዲስኩ ቀድሞ ወጥቷል፤ በ0 ሴኮንድ ከመዘገባችሁት አማካዩን ያወርደዋል፣ ገቢውም ሳይመጣ የመጣ ይመስላል። ባዶ ሳጥን አድርጋችሁ ተዉት፣ «የመገኘት ዕድል» በሚል ሌላ ዓምድ ያዙና የሥራውን ጊዜም ገቢውንም በእሱ አባዙ።